ወደኔ እያየች የምትርቅ ልጅ

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ዋናተኛ ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ቧንቧው በሚፈስበት ቀን ጀሪካኑን፣ ባልዲውን፣ ድስቱን ደርድሬ ሳልቀደም ለመሙላት የምራኮት ሽማግሌ፣ "የልጄ ልጅ አዲስ አበባ ጣራ ባለው ገንዳ ውስጥ ስትመላለስ ትውላለች፤ ያን ሁሉ ውሃ አንድም ሰው አይጠጣው፣ አንድም ሰው አያጥብበት" ብዬ ሳወራ፣ የማያውቀኝ ሰው ዋሾ ይለኛል። የሚያውቀኝም ዋሾ ይለኛል፤ ግን ቁጭ ብሎ ይሰማኛል።

ሥራዬ ስፌት ነበር። ጎንደር ላይ፣ ጉልበቴ ለማኪናው ፔዳል እምቢ እስኪል ድረስ፣ የሰው ትከሻና ወገብ ስለካ ኖርሁ። ዋና የተማርሁት ግን እንደ ከተማው ልጅ ሁሉ በጥምቀት ነው። ታቦታቱ ባሕረ ጥምቀቱ መካከል ካለው ግንብ ገብተው ያድራሉ፤ ጠዋት ውሃው ሲባረክ ጎረምሳው ከነልብሱም ያለ ልብሱም ይዘላል። እኔም ዘለልሁ። ጣጣው አባቴ መሪጌታ መሆኑ ነበር። ከታቦት ፊት የሚርቅ ሰው ጀርባውን አይሰጥም፤ ፊቱን ወደ ታቦቱ እንዳደረገ ወደ ኋላው እየተራመደ ነው የሚርቅ። ይህንን ከፊደል ቀድሜ ነው የተማርሁት። ታዲያ እስከ ግንቡ በደረቴ ዋኝቼ ስመለስ እንዴት ብዬ ልዙር? በጀርባዬ ተንጋለልሁ፣ አገጬን ደረቴ ላይ ደፋሁ፣ በእግሬ ጣቶች መካከል ግንቡን እያየሁ ወደ ኋላዬ ቀዘፍሁ። ማጅራት ላይ ዐይን ስላልተፈጠረልኝ የገንዳው ድንጋይ መድረሴን የነገረኝ ራሱ ድንጋዩ ነው።

ቤት ስገባ አባቴ እባጩን ዳበሰና፣ "ጀርባህን አልሰጠህም፤ ሸጋ። የእግርህን መርገጫ ግን ለታቦት አሳይተህ መጣህ" አለኝ። ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እንግዲህ የልጄን ልጅ ያስተማርኋት ይህንኑ ነው። እናቷ፣ አብራኝ የምትኖረው ልጄ፣ ሆስፒታል ነርስ ናት፤ እሷም እንደ ውሃው በፈረቃ ነው ቤት የምትገኘው። ስለዚህ ልጅቱ ያደገችው ከእኔ ማኪና ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ነው። ከጥምቀት በኋላ ትምህርት ለእረፍት ሲዘጋ እንፍራንዝ ወደምትኖረው እህቴ ዘንድ ይዣት እሄድና ከዚያ ወደ ጣና ዳር እንወርዳለን። ከውሃው ጠርዝ አንዲት በዛፍ የተከበበች ቤተ ክርስቲያን አለች። እኔ ከሥሯ፣ እስከ እምብርቴ ውሃ ውስጥ እቆምና መዳፌን ከማጅራቷ ሥር አደርግላታለሁ።

"ወደ ቤተ ክርስቲያኒቱ ስትመጪ በደረትሽ፣ ስትርቂ በጀርባሽ። ፊትሽ ግን ከዚህ አይነሳም" አልኋት።

"ዛፉ ሸፍኗት አትታየኝም እኮ አያ።"

"እኔስ እታይሻለሁ?"

"አንተማ በሆድህ ትታያለህ።"

"እንግዲያው እኔን እያየሽ ሂጂ።"

ለታቦት የተሠራውን ሥርዓት ለአንድ ሰፊ ቦርጭ ያዋልሁት እንዲህ በቀላሉ ነው። ግን ያኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰው ሲሄድ የምናየው ጀርባውን ነው። ሌሎቹ ልጆቼ ለትዳር ሲወጡ፣ ባለቤቴ ወደማይመለሱበት ስትሄድ፣ ሁሉም ጀርባቸውን አሳይተውኝ ነው የሄዱት። ይቺ ግን ፊቷን ወደኔ አድርጋ ራቀች። አገጯ ደረቷ ላይ፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ፣ ዐይኗ ዐይኔ ላይ፣ እጆቿ ተራ በተራ ከውሃው እየወጡ እየሰጠሙ፣ ፊቷ እያነሰ፣ እያነሰ። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ሲሄድ ባይ እንደዚያ አልጠግብም።

ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆናት ከባሕር ዳር አንድ አሰልጣኝ ልጆች ሊመርጥ መጣ፤ ከአንድ ሆቴል ገንዳ ሰበሰባቸው። ሌሎቹ ውሃውን እየደበደቡ ሲሄዱ የኔዋ ተንጋላ፣ እኔ ከቆምሁበት ጫፍ እያየችኝ፣ ወንዶቹን ሁሉ ጥላ ማዶ ደረሰች። አሰልጣኙ ወጣት ነው፤ ሽማግሌ ማክበር ያውቃል።

"አያ፣ ማን አስተማራት?" አለኝ።

"እኔ።"

"አንቱ ዋናተኛ ነበሩ?"

"ሰፊ ነኝ።"

አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር አየና ፈገግ አለ። ቀጥሎ ያለው ግን አላስደሰተኝም። "ልውሰዳት። ነገር ግን አሁን ማሸነፏን እንደ ቁም ነገር አይያዙት።"

"ምነው?"

"በዚህ ዕድሜ የሚቀድም ልጅ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ያደገ ልጅ ነው። እኩዮቹ ሲያድጉ ይደርሱበታል። ሃያ ዓመት ሲሞላቸው ከፊት የሚገኘው፣ ዛሬ ማንም ያላየው ሊሆን ይችላል። ለጊዜው ውሃውን ትውደድ፣ ትጫወት፣ አካሄዷን ታበጅ። ሰዓቱን በኋላ እንጠይቃታለን።"

"የኔዋ ቀድማ አላደገችም። ቀሚሷን የምለካው እኔ ነኝ" አልሁት። በቀሚሱ እኔ ልክ ነበርሁ። በቀረው ሁሉ እሱ።

እሱ አይኩሩ ባለኝ ማግስት መኩራት ጀመርሁ። ካፖርት ሊያሰፋ የመጣ ሰው የልጅ ልጄን ወሬ ሳይሰማ ሜትር አይነካውም። አንድ ጊዜ ከመካነ ብርሃን የመጣ ገበሬ ክንዱን ዘርግቶ እየተለካ፣ "ልጅቱ ምንድን ነው የምትሠራው አያ?" አለኝ።

"ትዋኛለች።"

"ወዴት?"

"እስከ ማዶ ጫፍ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ወደ ተነሳችበት ትመለሳለች።"

ጥቂት አሰበና፣ "ምነው ታዲያ መጀመሪያውኑ ሄደች?" አለኝ። እጅጌውን በስሕተት አሳጥሬ ቆረጥሁበት። ሆን ብሎ ነው ያሉም አሉ።

መጀመሪያ ባሕር ዳር ነበረች፤ ለዓመት በዓል ትመጣ ነበር። ኋላ አሰልጣኙ አዲስ አበባ ካለ ማሰልጠኛ ተቀጠረና ጥሩ ጥሩዎቹን ይዞ ሄደ፤ እሷንም። ከዚያ ወዲህ መምጣቷ እየሳሳ ሄደ። ጠዋት ጎህ ሳይቀድ ውሃ፣ ከዚያ ትምህርት፣ ማታም ውሃ። ቤቱ ግን አልለቀቃትም። የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ የዋና ልብሷ ይሰጣበት የነበረው ቦታ ባዶውን ይታያል፤ ጋቢዬን እዚያ ላይ ማስጣት አልሆንልኝ አለ። የአንገት ልብሷ ውስጥ የክሎሪን ሽታ ነበር፤ ለጊዜው ነበር፣ ከዚያ ጠፋ። ሰው የሚወደው ሽታ ምን ይሆናል ብላችሁ ብትጠይቁኝ የገንዳ መድኃኒት ነው የምላችሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አሮጌ የዋና መነጽሯን ጥላው ሄዳለች። ሽንኩርት ስከትፍ እሱን ማድረግ ጀመርሁ። አንድ ቀን ልጄ ከሥራ ገብታ ማድ ቤት በር ላይ ቆመች።

"አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው?"

"ሽንኩርት ነው።"

"መነጽር አድርገሃል እኮ።"

"አዎ፣ ለሽንኩርቱ።"

"ታዲያ እንባው ከውስጥ እንዴት ሞላ?"

"ያፈሳል" አልኋት። "አሮጌ ነው።"

"ማን? መነጽሩ?" ብላ ቢላዋውን ከእጄ ወሰደች።

ለፋሲካ ቀሚስ ልሰፋላት ስፈልግ ልኳ ጠፋኝ። ስልክ ደወልሁ። "ትከሻሽን በስንዝር ለኪና ንገሪኝ።"

"በማን ስንዝር አያ? ስንዝሬም አድጓል።"

በግምት ሰፋሁት። አዲስ አበባ ደረሰና ከትከሻው አልዘጋ አለ። ጀርባውን በመርፌ ቁልፍ ይዛ፣ ነጠላ ደርባ በዓሉን እንደዋለችበት ነገረችኝና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ሜትሬን አንስቼ ትኩር ብዬ አየሁት። እድሜ ልኬን የሰው ልክ ሳውቅ ኖሬ የአንዷን ልክ አላውቅም።

ከዚያ በስልክ የምሰማው ድምፅዋ መለወጥ ጀመረ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው። ድሮ ትቀድማቸው የነበሩት ልጆች ይቀድሟት ጀመር። ሌሎቹ በየወሩ ሰዓታቸውን ሲያሻሽሉ የእሷ እንደ ቆመ ቀረ። "ውሃው ከበደኝ አያ" ትለኛለች፣ "ድሮ ላዩ ላይ ነበርሁ፣ አሁን ውስጡ ነኝ።" አሰልጣኙም ነገሩን ለእናቷ ገለጠላት፤ በዓመቱ መጨረሻ የማጣሪያ ውድድር አለ፤ ያለፈ ለብሔራዊ ቡድኑ ይለማመዳል፣ ያላለፈ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቃሉን ስሰማ ልቤ ምን እንዳደረገ ባላውቅ ይሻለኝ ነበር። ማግስቱን ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ግድግዳ ተደግፌ ቆምሁ። "ጌታዬ፣ የሚበጃትን አድርግላት" አልሁ ጮክ ብዬ። ከከንፈሬ ሥር ደግሞ፣ "የሚበጃት እንግዲህ ጎንደር ነው፤ እንዳትስት ብዬ ነው" አልሁ። ልጄ አጠገቤ ነበረች፤ ጆሮዋ ስል ነው።

"አባዬ፣ ለልጅቱ ነው የምትጸልየው ወይስ ለራስህ?"

"ለሁለታችንም።"

"አንዱን ምረጥ።"

ማጣሪያው ሲቃረብ አልቻልሁም፤ ልያት አልሁ። መንገዱ አስተማማኝ ስላልነበር ልጄ በአውሮፕላን ላከችኝ። የማሰልጠኛው ገንዳ ቤት ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ከውሃው በላይ ከዳር እዳር የተወጠረ ገመድ ነው፤ ትናንሽ ባንዲራዎች ተንጠልጥለውበታል። የምን በዓል ነው ብዬ ጠየቅሁ። አሰልጣኙ በትዕግሥት አስረዳኝ፤ በጀርባ የሚዋኝ ሰው የሚመጣውን ግድግዳ አያይም፤ ባንዲራውን ከላዩ ሲያይ መድረሱን ያውቃል። ማጅራቴን ዳበስሁ። ያኔ ከባሕረ ጥምቀቱ ላይ አንድ መሐረብ የሰቀለልኝ ሰው ቢኖር ኖሮ።

ከዚያ እሷን አየሁ። ትከሻዋን ሳይ ያ ቀሚስ እንኳን ለመዝጋት፣ እጅ ለማስገባትም መፍቀዱ ገረመኝ። ልጅ አልነበረችም። ውሃ ውስጥ ገብታ ተንጋለለች፤ ስትጀምር ሸጋ ነበር፤ ጆሮዋ ውሃ ውስጥ፣ ዐይኗ ጣራው ላይ። ጥቂት እንደተመላለሰች ግን አገጯ ቀስ እያለ ወደ ደረቷ መጣ። ያችን አገጭ አውቃታለሁ። ወገቧ ወደ ታች ወረደ፤ ኋላው ላይ ጭነት እንደበዛበት ታንኳ እየጎተተች መሄድ ጀመረች።

"አዩት?" አለኝ አሰልጣኙ። "ልጅ ሳለች ቅጠል ነበረች፤ ቅጠል እንዴትም ቢተኛ ይንሳፈፋል። አሁን ሰው ሆነች። ራሷ ሲነሳ ወገቧ ይሰጥማል፤ ጉልበቷ ሁሉ ያንን ለመጎተት ያልቃል። ዓመት ሙሉ ጣራውን እዪ እላታለሁ። ታያለች፤ ሲደክማት ወደዚያው። ምን እንደምታይ ግራ ገባኝ።"

ስለ ታቦቱ፣ ስለ አባቴ፣ ጀርባ ስላለመስጠት ነገርሁት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ሳቁ ሲያስቸግረው ከወንበሩ ተቀመጠ። ከዚያ ልጅቱን ጠራት። ከገንዳው ጠርዝ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች።

"ሲደክምሽ ወዴት ነው የምታዪው?"

"አያ ወደሚቆምበት።"

"አያ እኮ ዓመቱን ሙሉ ጎንደር ነበሩ።"

"አውቃለሁ" አለች፣ ውሃውን ከፊቷ እየጠረገች። "በእግሬ በኩል ነው የሚቆም።"

አሰልጣኙ ወደኔ ዞረ። እንግዲህ አንቱ ይንገሯት እንጂ ምን ልበል የሚል ዓይነት አስተያየት ነው።

ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ያመጣሁላትን ቆሎ እየዘገነች ትበላለች።

"ካላለፍሁ ወደ ቤት እመጣለሁ፤ አይደል?" አለችኝ።

"ትመጫለሽ።"

"ደስ ይልሃላ።"

"ክፉኛ ነው የሚለኝ።"

"ውሸት እንኳ አትችልም እንዴ አያ?"

"ሰፊ ሆኜ አልችልም ብል ማን ያምነኛል? ላንቺ ነው ያቃተኝ።" ቆሎውን ከእጇ ዘገንሁና ጥርሴ እንደማይችለው ትዝ ብሎኝ መለስሁላት። "አንቺስ? መምጣት ትፈልጊያለሽ?"

ቆሎውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "ማለፍ እፈልጋለሁ" አለች። "ስፈልገው ደግሞ አንተ ታሳዝነኛለህ። ብቻህን እዚያ የቆምህ ይመስለኛል።"

ለዚህ የሚሆን ቃል ከአባቴም ከማኪናዬም አልተማርሁም። "ነገ ከእግርሽ በኩል አልቆምም፤ ከራስጌሽ ነው የምቆመው። ወደኔ ትመጫለሽ" አልኋት።

ማግስቱን ያንን አደረግሁ። መጥፎ ሐሳብ እንዳልነበረ አምናለሁ፤ ግን ገንዳ ሁለት ጫፍ እንዳለው አላሰብሁም። ከራስጌዋ ቆሜ ጠበቅኋት፤ መጣች፤ ግድግዳውን ረግጣ ተመለሰች፤ እኔ ከእግሯ በኩል ሆኜ አረፍሁት። ከዘራዬን ይዤ በገንዳው ዳር ወደ ሌላው ጫፍ ተጣደፍሁ። ግማሽ መንገድ ላይ አለፈችኝ፤ ስመለስ ደግሞ አለፈችኝ። አይታኝ ሳቀች፣ ውሃ ገባባት፣ አሳላት። ልጆቹ ሁሉ ዋናቸውን ትተው አጨበጨቡልኝ።

"አያ" አለኝ አሰልጣኙ፣ "ገንዳው ሁለት ጫፍ አለው፤ አንቱ ግን አንድ ነዎት። ይረፉ።"

ትንፋሼ እስኪመለስ ቆምሁ። እሷ እንደገና ጀመረች። ጥቂት ከሄደች በኋላ አገጯ ተነሳ፤ ፈለገችኝ፤ አገኘችኝ። ጣና ላይ ያየኋት ፊት ነው፤ ያው ዐይን፣ ያው ግንባሯ ላይ የተለጠፈ ፀጉር። እንዲያ እያየችኝ ብትኖር ኖሮ ሌላ ምን እፈልግ ነበር? እያየችኝ ሳለ ዞርሁ። ጀርባዬን ሰጠኋት። በማከብረው በማንም ፊት አድርጌው የማላውቀውን ነገር፣ እሷ እያየች አደረግሁት፣ ከዚያ በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

በሩ ላይ ያለው ጥበቃ፣ "ምነው አባቴ፣ አልጨረሱም እኮ" አለኝ።

"እኔ ጨረስሁ።"

ወንበሩን ለቀቀልኝ። ከውስጥ የሚሰማው የፊሽካ ድምፅና ውሃ ሲመታ ብቻ ነው። የየትኛዋ ልጅ ክንድ እንደሆነ ከውጭ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። አሰልጣኙ በኋላ እንደነገረኝ መጀመሪያ ላይ አገጯ ሁለት ሦስት ጊዜ ተነሳ፤ በሩን ብቻ አየች፤ ከዚያ ራሷን ውሃው ላይ ጣለችው። ስትወጣ ምን እንደምትለኝ ፈርቼ ነበር። ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ "ከኋላ ሲያዩህ ቀጭን ነህ አያ" አለችኝ።

ማጣሪያውን ሳላይ ወደ ጎንደር ተመለስሁ። ቆይ አለችኝ፤ አይሆንም አልኋት። አለፈች። አንደኛ ሆና አይደለም፤ ግን አለፈች። ስልክ ደውላ ስትነግረኝ ትንፋሿ ገና አልተሰበሰበም ነበር፣ ከቡድኑ ጋር ለልምምድ ወደ ውጭ አገር እንደምትሄድ፣ ለመስቀልም ለገናም እንደማትመጣ በአንድ እስትንፋስ ጨረሰችው። "ሸጋ ነው" አልሁ። ሸጋ ነው ብዬ ደገምሁት። ሦስተኛ ልል ስል ልጄ ስልኩን ወሰደችብኝ።

የውድድሩ ቪዲዮ መጣና ልጄ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። ጎን ለጎን ተቀምጠን አየነው። ከጎን የተቀረጸ ነው፤ ስትሄድ ይታያል፣ ስትመለስ ይታያል። ወገቧ ውሃው ላይ ተኝቷል፣ ጆሮዋ ውሃ ውስጥ ነው፣ ፊቷ ጣራውን ያያል። መጨረሻው ላይ፣ በደንብ የምትደክምበት ቦታ ሲደርስ፣ ወደ ስልኩ ተጠጋሁ።

"ምን እየፈለግህ ነው አባዬ?"

"ምንም።"

አልተነሳም አገጯ። ግድግዳውን እስክትነካ ድረስ አንድ ጊዜም አልተነሳም።

ልጄ ፈረቃዋ ደርሶ ተነሳች። "ልድገምልህ?" አለችኝ ነጠላዋን እየለበሰች። "ድገሚልኝ" አልኋት። ከፍታልኝ ወጣች። የኔዋ ዋናተኛ እንደገና ሄደች፣ እንደገና ተመለሰች፣ እጇ ግድግዳውን እንደነካ ምስሉ ቆመ። እንዴት እንደሚቀጥል አላውቅበትም፤ ጣቴ ደግሞ የነካውን ሁሉ የሚያጠፋ ጣት ነው። ስለዚህ ሳልነካው ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ ፊት ለፊቱ ተቀመጥሁ። ብርሃኑ ጥቂት ቆየና ቀነሰ፤ ከዚያ ስልኩ በራሱ ጊዜ ጨለመ።